ኃላፊው ያላሉት ቃል

አንድ ደራሲ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ያገኘውን እውቀት፣ ከዚያም የወጣትነት ዘመኑን፣ በአንድ ሙዚቃዊ ቴአትር ላይ አፈሰሰ። ግጥሙን ራሱ ጻፈ፣ ዜማውን ራሱ ደረሰ፣ ተዋንያኑንም ከየሠፈሩ ለቃቅሞ አለማመደ። በከተማው ያለው አዳራሽ አንድ ብቻ ነበር። የቴአትር ቤቱ ኃላፊ በግምገማ ቀን አይተው «ይታይ» ካሉ ሥራው መድረክ ያገኛል፤ ካላሉ ግን መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

በቴአትሩ መካከል የጠጅ ቤት ትዕይንት ነበረ። ለዚህ ትዕይንት ደራሲው ደምለው የሚባል የታወቀ አዝማሪ ከነማሲንቆው አመጣ። ደምለው በልምምድ ጊዜ ሁሉ የተጻፈለትን ግጥም አንድ ቃል ሳያጓድል ያዜም ነበር።

በግምገማው ቀን ግን አዳራሹ በተጋባዥ ሞላ። አዝማሪ ማሲንቆውን ሲገዘግዝ የአገሩ ሰው ዝም ብሎ ማዳመጥ አይሆንለትም። ከኋላ ወንበር አንድ ጎልማሳ ብድግ አለና «ተቀበል!» ብሎ ጮኸ። በመጋረጃው ጥግ ቆሞ ያይ የነበረው ደራሲ ክው አለ። አዝማሪ ደግሞ ተቀበል ሲሉት አለመቀበል ነውር ነው። ጎልማሳው ግጥሙን ሰጠ፤ ደምለውም ስንኝ በስንኝ እየተቀበለ አዜመው፦

«ጌታው በጓሮ በር ገቡ ቀድመውን፣
ለወንበር ነው እንጂ መች አዩት ሰውን?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እውነትም ኃላፊው ያን ዕለት ሕዝቡ ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ሳለ በጓሮ በር ገብተው ከፊት ተቀምጠው ነበር። እሳቸው አልሳቁም። ትዕይንቱ ሁሉ ሲያበቃ ደራሲውን ጠርተው፣ «አስተካክለህ አምጣ» አሉትና ወጡ። ምኑን እንደሚያስተካክል አልነገሩትም። እሱም አልጠየቀም።

በማግስቱ ደምለውን አስጠራው።

«ካሁን በኋላ አትመጣም፤ ይቅርታ አድርግልኝ» አለው።

«ምነው የኔ ጌታ? ድምፄ ሰለለ? ወይስ የማሲንቆዬ ጭራ ተበጠሰ?»

«ኃላፊው ተቆጥተዋል።»

«አባርረው አሉህ?»

«እንደሳቸው ያለ ሰው ማለት አያስፈልገውም። እኔ ይገባኛል።»

ደምለው ማሲንቆውን ትከሻው ላይ እየሰቀለ ሳቀ። «ጉድ እኮ ነው! እኔ አዝማሪው እንኳ የምቀበለው የሰጡኝን ብቻ ነው። አንተ ያልሰጡህንም ትቀበላለህ?»

ደራሲው በአዝማሪው ምትክ በቴፕ የተቀዳ ዘፈን አስገባ። እጁ አንዴ ከጀመረ ደግሞ አልቆም አለው። ስለ ሹም የሚያወራውን መዝሙር ሰረዘ። ኃላፊው በር የሚለውን ቃል ሲሰሙ ያ ስድብ ትዝ ይላቸዋል ብሎ የሠርጉን ዘፈን ቆራረጠው። ተዋንያኑ «ምነው ጋሼ፣ ይሄ ምን አደረገ?» ሲሉት «ዝም በሉ፣ እኔ ነኝ የማውቀው» ይላቸው ነበር።

ሁለተኛው ግምገማ ደረሰ። በጠጅ ቤቱ ትዕይንት ላይ አንድ ሰው እንደ ልማዱ «ተቀበል!» አለ። ቴፑ ግን ሳይሰማው ዘፈኑን ቀጠለ። ሰውየው አፍሮ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም፣ ማንም አላጨበጨበም፤ መጋረጃው ሲዘጋ የወንበር መንጓጓት ብቻ ተሰማ።

ኃላፊው ወደ መድረኩ መጡ። «ያ አዝማሪ የታለ?» አሉ።

ደራሲው ጆሮውን ማመን አቃተው። «እርስዎ… አስተካክለህ አምጣ ብለውኝ…»

«አስተካክል አልኩህ። አባርረው አልኩህ? ከኋላ ወንበር የሚጮኹትን ሥርዓት አስይዝ ማለቴ ነበር። እንዲያውም ዛሬ ባለቤቴን ያመጣኋት እሱን እንድትሰማው ነው።» አንገታቸውን ነቀነቁ። «ይሄማ ሬሳ ነው፣ ወንድሜ። ለሬሳ አዳራሽ አልሰጥም።»

ደራሲው ወዲያው ደምለው ቤት ሮጠ። ደምለው ግን ከሌላ ቡድን ጋር ውል ገብቶ አገር ለቆ ሄዷል። አዳራሹም ለሌላ ሥራ ተሰጠ። የደራሲው ቴአትር እስከ ዛሬ አልታየም።

ይህን ታሪክ ሰምቶ «ኃላፊው ምን አጠፉ?» የሚል ይኖራል። ተሳስቷል። ባለሥልጣን ድፍን ቃል የሚሰጠው ነገ እጁን ታጥቦ «እኔ መች አልኩ?» ለማለት ነው። ይህ ግፍ ነው፤ ዘመን ቢቆጠርም ግፍነቱ አይሽርም። ነገር ግን እውነቱ መራራ ነው፦ ኃላፊው የጣሉት አንድ ቃል ነበር፤ ዘፈኖቹን አንድ በአንድ የቆረጠው የራሱ የደራሲው እጅ ነው። የለፋንበት ሥራ ሲመታ፣ የቱ ጋ እንደተመታ ደፍረን ካልጠየቅን ፍርሃታችን ጤነኛውንም አካል ይቆርጠዋል። በዳያችን ከወሰደብን ይልቅ እሱን ፈርተን በገዛ እጃችን የጣልነው ይበልጣል።

እስኪ ልባችሁን ጠይቁት፦ ማንም ውጣ ሳይለው፣ እናንተ ራሳችሁ ከደጃችሁ ያስወጣችሁት ሰው ማን ነው?