የእመት የሻረግ ተራ

እኛ መንደር፣ ዝባድ ሜዳ፣ መስቀል ባለፈ ማግስት፣ ማለት መስከረም አስራ ስምንት ቀን፣ አንድ ቤት ብቻ ይፆማል። ጎረቤቱ ቅቤውን እያነጠረ፣ ሥጋውን እየዘለዘለ፣ ያ ቤት ከነልጅ እግሩ ጥሬ ቆርጥሞ ውሃ ጠጥቶ ይውላል። በማግስቱ እሱ ይፈታና ቀጥሎ ያለው ቤት ይይዛል፤ እንዲህ እያለ ቤት ለቤት ዞሮ ዞሮ ጥቅምት ሃያ ሰባት፣ የመድኃኔዓለም ዕለት ያልቃል። ረቡዕና ዓርብ የደረሰውን ቤት «እናንተማ በነፃ አለፋችሁ» እያሉ ዓመቱን ሙሉ ይተርቡታል። የየሻረግ ተራ የሚባለው ይሄ ነው፣ ሙሉሰው። አንተ የአክስቴ ልጅ ሆነህ፣ ከማርቆስ ድረስ ሥጋ በፌስታል አንጠልጥለህ መጥተህ፣ እናቴ «ዛሬ ተራችን ነው» ስትልህ «የሻረግ ደሞ የትኛዋ ጻድቅ ናት?» ብለህ የሳቅክበት ማለት ነው። ያኔ ብመልስልህ እጄም ይከተል ነበር፣ ለዛ ነው ጥዬ የወጣሁት። አሁን በስልኬ ድምፅ ቀድቼ ልንገርህ፤ በድምፅ ሲሆን አታቋርጠኝም።

ጻድቅ አይደለችም። አዋላጅ ናት። ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት፣ ዝባድ ሜዳ አርባ ቤት በነበረበት ዘመን፣ ጤና ጣቢያ የሚባል ነገር ማንም በሕልሙ ሳያየው፣ እዚህ አገር ሴት የምትወልደው እቤቷ ነው፤ የምታዋልደውም እመት የሻረግ ናት። ባሏ የሞተባት፣ የቆረበች፣ ቀጭን ሴትዮ ነበረች ይባላል። ስትጠራ ሌላ አትይዝም፤ ጥፍሯን ቆርጣ፣ እጇን እስከ ክንዷ ታጥባ፣ ክርና ምላጭ ጠቅልላ መሄድ ነው። ቅቤውንም ተልባውንም ባለቤቶቹ ያዘጋጃሉ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ምን መሰለህ፣ መልኳን የሚያውቅ የለም፣ መቃብሯን የሚያሳይህ የለም፣ አረማመዷን ግን ሁሉም ያውቃል። አትሮጥም አሉ፣ ግን አትዞርም። ከቤቷ እስከ ምጡ ቤት በቀጥታ ነው የምትሄደው፤ አጥር ካለ ትሾልካለች፣ እርሻ ካለ ታቋርጣለች።

እዚህ ጋ ነው አያ አንዳርጌ የሚመጣው። የአንዳርጌ መሬት መንደሩን ለሁለት የሚከፍል ነው፣ ቤቱም መሬቱ መሀል ላይ ነው። የሻረግ ወዲያ፣ ግማሹ መንደር ወዲህ። እንግዲህ አርባ ቤት ሲወልድ አስበው፣ በጤፉ መሀል እንደ በሬ ጀርባ የተላጠ መንገድ ወጣበት። አንዳርጌ መጀመሪያ ለመናት፣ በገደሉ በኩል ዙሪ አላት። እሷ ደግሞ እንዲህ አለችው ይባላል፦

«ምጥ በገደል አይዞርም፣ ልጄ።»

እውነቴን ነው፣ እኔ ይሄን ሰውዬ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ግን ሽማግሌዎቹ አትቸኩል ይሉኛል። በፊተኛው ዓመት በረዶ ሰብሉን አውድሞበት ሚስቱ ይታይሽ ጎመን ቀቅላ ነው የከረመችው፣ ያ ጤፍ ለሱ ጤፍ ብቻ አልነበረም ይላሉ። ይሁን። ብቻ በነሐሴ ወደ ንስሐ አባቱ ወደ ቄስ ወንድይፍራው ሄደና ግዝት አስገዘተባት። የሻረግ የአንዳርጌን መሬት ከረገጠች ከቁርባን ትለይ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ትቅር ተባለ። ግዝት ደግሞ ታውቃለህ፣ ያሰረው ቄስ ካልፈታው ማንም አይፈታውም፣ ያስገዘተው ራሱ ቢፀፀት እንኳ። ሰውየው ግን ያኔ አንድ ነገር ረስቷል። ይታይሽ ነፍሰ ጡር ናት። በተጋቡ በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዋ ነው። አንዳንዶቹ አልረሳም፣ ልደቱ ለጥቅምት ነው ብሎ፣ እስከዚያ ጤፉ ታጭዶ ግዝቱም ይነሳል ብሎ ነው ይላሉ። ጤፍ በጥቅምት ይታጨዳል እንዴ?

ቄሱ መስቀል ሳይደርስ ለግሸን ንግሥ መንገድ ገባ። በእግር ነው፣ ቶሎ አይመለስም። መስቀል አለፈ፣ በማግስቱ ረፋድ ላይ ይታይሽን ምጥ ያዛት።

የጎረቤት ሴቶች ገቡ፣ «ማርያም ማርያም» ማለት ጀመሩ። የሻረግ ማንም ሳይጠራት መጣችና ድንበሩ ላይ፣ ግዝቱ ከሚጀምርበት ከድንጋዩ ወዲያ ቁጭ አለች። ከዛ ምን አደረጉ መሰለህ? ሴቶቹ ከምጡ ቤት ደጃፍ እስከ ድንበሩ በጤፉ ዳር ተሰለፉ፣ አንዷ ለአንዷ እየነገረች፣ የሻረግ ድንጋዩ ላይ ሆና ታዋልድ ጀመር። ውሃው ፈሰሰ ወይ ትላለች፣ ቃሉ በአስር ሴት አፍ ሄዶ ፈሷል ተብሎ ይመለሳል። አንበርክኳት፣ ከኋላ አንዷ ትደግፋት፣ ወገቧን በቅቤ እሹላት፣ እንዳታምጥ ገና ነው፣ ትላለች። እስከ ቀትር እንዲህ ሆኑ። ሽማግሌዎቹ እዚህ ጋ ሲደርሱ ሁልጊዜ ይስቃሉ፣ ሩቅ ሆና ሁለቱን ሴት «አንቺ ብዙ አታውሪባት፣ አንቺ ደሞ አታልቅሺባት» ብላ ስታባርር ነበር እያሉ።

ቀትር ላይ የመጣው ቃል ግን የሚያስቅ አልነበረም። እግር ታየ ተባለ። አንድ እግር።

ያን ጊዜ የሻረግ ማዘዙን አቆመች። በቃል የሚወጣ ልጅ አይደለማ፣ እጅ ይፈልጋል። ወንዶቹ በቃሬዛ እናውጣት አሉ፣ ከመሬቱ ካወጣናት ግዝቱ አይነካትም ብለው። የሻረግ ከነቀነቃችኋት ሁለቱንም ትቀብራላችሁ ብላ ላከች። ይሄኔ አንዳርጌ ከቤቱ ወጥቶ በጤፉ መሀል መጣና ድንበሩ ላይ ቆመ። ለመናት ይሉሃል አንዳንዶቹ፣ እግሯ ላይ ወደቀ። ሌሎቹ አፉ አልተከፈተለትም፣ ቆሞ ብቻ ነበር ይላሉ። እኔ ሁለተኛውን ነው የማምነው። ምን ብሎ ይለምናል?

ስድሳም ሰባም ዓመቷ ነው፣ የቆረበች ናት። የቀራት ነገር ቢኖር ሥጋ ወደሙ ተቀብላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ባሏ አጠገብ መቀበር ነው። መሬቱን ከረገጠች ያም ይቀራል። ቄሱ ከመመለሱ በፊት ብትሞት እንደ ውሻ ነው የምትጣለው። ይሄን እሷም ታውቃለች፣ አንዳርጌም ያውቃል፣ የተሰለፉት ሴቶችም ያውቃሉ፣ አንዷም ግቢ አላለቻትም፣ አትግቢም አላለቻትም።

የሻረግ ተነሳች፣ ቀሚሷን ሰብስባ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠች።

«ሲኦል የትም አይሄድም፣ እደርስበታለሁ፤» አለች። «ይቺ ልጅ ግን አትቆየኝም። ዞር በል አንዳርጌ፣ አንተንም ያወጣሁህ በዚሁ እጅ ነው።»

ብላ በድሮው መንገድ እንኳ አልሄደችም፣ በለምለሙ ጤፍ መሀል ቀጥ ብላ ገባች ይባላል። እጇን እስከ ክንዷ ታጥባ፣ ይታይሽን ሳትጮህባት ሳትቆጣት፣ ሁለተኛውን እግር ፈልጋ አወጣች፣ ከዛ ወገቡን፣ ከዛ ክንዶቹን፣ ራሱ ሲቀር ቆም አለች። አሁን አምጪ፣ ያለሽን ሁሉ አሁን አምጪ አለቻት። ልጅቷ ስትወጣ ጠቁራ ነበር፣ ድምፅ የላትም። የሻረግ አፏን በጣቷ ጠርጋ፣ ትንፋሿን እፍ አለችባት፣ ጀርባዋን አሸችው፣ እንደገና እፍ አለች። ደጅ ያሉት ወንዶች ምንም አይሰሙም። በመጨረሻ አለቀሰች። ሴቶቹ ሦስት ጊዜ እልል አሉ፣ ለሴት ነው ሦስት፤ እንግዴ ልጁም ሙሉውን ወጣ።

የሻረግ ገንፎው እንኳ ሳይደርስ ታጥባ ወጣች። ቀጥታ ሄዳ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ቁጭ አለች። ቅዳሴ ሲቀደስ ከውጪ ትሰማለች፣ በር ላይ አትደርስም። ሰው ምግብ ያመጣላታል። አንዳርጌ በየቀኑ ይመጣል አሉ፣ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ይውላል።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ቄስ ወንድይፍራው ተመለሰ። ነገሩን ሰማ፣ አዘነ፣ ግዝቱን ፈታ። ግን ተፈቶም የተጣሰ ተጥሷል፣ ንስሐ ይፈልጋል። አርባ ቀን ጥሬና ውሃ ብቻ፣ እስከዚያ ከቅጥሩ ውጪ አላት። የሻረግ እሺ አለች። ሴቶቹ ግን ሰውነቷን ያውቁታል፣ አርባ ቀን አትዘልቅም። አንዳርጌ እኔ ልፁምላት ቢል ቄሱ ያንተ ንስሐ ለብቻው አለ አለው። ያን ጊዜ ይታይሽ፣ ገና አራስ ናት፣ ልጇን አቅፋ ከሴቶቹ ፊት ቆመች።

«አባቴ፣ በዚች ሴትዮ እጅ የተወለደ ሰው የሌለበት ቤት ካለ ይንገሩን፣ እሱ ይቅር። የቀረነው እንካፈለዋለን።»

ቄሱ ቤት ለቤት በሐሳቡ ሄደ። አንድም አላገኘም። የራሱንም ቤት ጨምሮ። አርባ ቀን፣ አርባ ቤት። አንዳንዶቹ ቄሱ አልፆመም፣ የሰጠው ፈቃዱን ነው ይላሉ፤ አያቴ ግን የመጨረሻው ቀን የሱ ነበር፣ በአርባ አንደኛው ቀን እጇን ይዞ ያስገባት እሱ ነው ይላል። ማን ልክ እንደሆነ አላውቅም። ይሄን ያህል ጊዜ ጠይቄ፣ ሁለት ሽማግሌ አንድ ዓይነት አልነገሩኝም።

እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። ንስሐው ተፈጸመ፣ የሻረግም ቆረበች። በዓመቱ ግን መስከረም አስራ ስምንት ቀን አንዳርጌ ለማንም ሳይናገር ጥሬ ቆርጥሞ ዋለ። ጎረቤቱ አየው፣ ምንም አልጠየቀውም፣ በማግስቱ እሱም ጥሬ ቆረጠመ። ያወጀ የለም፣ ያዘዘ የለም። ተራው ከአንዳርጌ ዘሮች ቤት የሚጀምረው ለዚህ ነው ይባላል። ከዚያ ወዲህ ዝባድ ሜዳ ውስጥ በመንገድ ሰበብ ግዝት ያስገዘተ ሰው የለም።

ዛሬ መንደሩ ከመቶ ቤት በላይ ነው፣ ሁለት ሦስቱ ቤት እንደ አንድ ሆኖ አንድ ቀን ይይዛል። ባለፈው ዓመት ጤና ጣቢያ የመጣችውን አዋላጅ ታውቃታለህ፣ ሲስተር ፍሬዘርን፤ ክረምት ወንዙ ሞልቶ አምቡላንስ እምቢ ሲል ቦቲ አጥልቃ፣ ቦርሳዋን በራሷ ተሸክማ ሁለት ሴቶች እቤታቸው ድረስ ሄዳ ያዋለደችውን። ይሄን ተራ ስትሰማ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዳ፣ እኔም እዚሁ ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ፣ የኔ ቀን መቼ ነው ብላ ጠየቀች። አያቴ ነው የመለሰላት፦

«አንቺማ ብዪ፣ ልጄ። የምንፆመው ላንቺ ነው።»