የተቆረጠችው ፊያት

አንድ ድሬዳዋ የሚኖር በላቸው የሚባል ጡረተኛ ነበር። ዕድሜውን የፈጀው በባቡር ጥገና ቤት ብረት ሲበይድ ነው። ጡረታ እንደወጣ ከአንድ መጋዘን ጓሮ ቁጥቋጦ የበቀለባት አሮጌ ፊያት አገኘ። ወደ ግቢው አስጎትቶ አመጣትና በቆርቆሮ ጥላ ሥር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሠራት።

ምኞቱ መኪናዋን አስነሥቶ መንዳት ብቻ አልነበረም። ከፋብሪካ በወጣችበት ቀን እንደነበረችው አድርጎ ሊመልሳት ነበር የፈለገው። አንዲት የበር እጀታ ፍለጋ ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል። ባለቤቱ አስካለ «ይቺን መብራት ያዢልኝ» ሲላት እየያዘች፣ «ይሄ ቀለም ይመስላል?» ሲላት ዓይኗን ጨፈን ከፈት አድርጋ እያየች፣ አብራው ዘጠኙን ዓመት ቆማለች።

ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አስካለን ስትሮክ መታት። ነፍሷ ተረፈች፤ ግራ እጇና ግራ እግሯ ግን አልታዘዝ አሉ። በከዘራ እየተደገፈች ከአልጋዋ እስከ በረንዳው ትደርሳለች፤ ከዚያ አታልፍም። ባጃጅም ሆነ ሚኒባስ ውስጥ ሰው አንሥቶ ካላስገባት መግባት አትችልም። እሷ ደግሞ እንደ ጆንያ ስትጫን ከመታየት ቤቷ መዋልን መረጠች። ሰባት ወር ከግቢ ሳትወጣ ቆየች።

መኪናዋ አለቀች። ክፍሎም የሚባል የአሮጌ መኪናዎች ማኅበር ሰብሳቢ ከአዲስ አበባ መጥቶ ዞሮ ዞሮ አያት፤ ተንበርክኮም ከሥር አያት። ሲነሣ ፊቱ በርቶ ነበር።

«ጋሽ በላቸው፣ እንዲህ ልክ ከፋብሪካ እንደወጣች ያለች አሮጌ መኪና አይቼ አላውቅም። በሚቀጥለው ወር ለማኅበራችን ውድድር ይዘዋት ይምጡ። አንደኛ የሚወጣው ማን እንደሆነ ከአሁኑ ልነግርዎት እችላለሁ።»

በዚያው ሳምንት ሐረር የምትኖረው የአስካለ ታላቅ እህት ባሏ ሞተባት። አስካለ ለቀብሩ አልደረሰችም። ስታለቅስ ሰንብታ፣ «ለአርባው እንኳ ልድረስላት። በራሳችን መኪና ከሆነ እሄዳለሁ» አለች።

መግባት መቻሏን ሊሞክሩ ወጡ። የመኪናዋ በር ጠባብ ነው፤ ደፉ ከፍ፣ ወንበሩ ዝቅ ያለ ነው። በላቸው ከኋላዋ ቆሞ «ራስሽን ዝቅ አድርጊ… ጉልበትሽን እጠፊው… ትንሽ ወደ ውስጥ…» እያለ ገፋ አደረጋት። ግራ እግሯ አልታጠፍ አለ። ከዘራዋ ከእጇ አምልጦ በሩን እየፋቀ ወደቀ፤ እግሯም ደፉ ላይ ተያዘና ጮኸች። በላቸውም ጮኸ። የጮኸው ግን «ቀለሙን!» ብሎ ነው።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ እግሯን ከደፉ አላቀቀላት።

አስካለ፣ «እውነትህን ነው። የማልመቸው እኔ ነኝ» አለችው። የተቆጣች አትመስልም ነበር። እሱን የከበደውም ይኸው ነው።

ደግፎ ወደ በረንዳው መለሳትና ያበጠውን ቁርጭምጭሚቷን በቀዝቃዛ ጨርቅ ያዘላት። «ከአፌ አምልጦኝ ነው» ሊላት አሰበና ተወው። አምልጦት እንዳልሆነ ያውቃል። ማንም ሰው ወደዚያች መኪና በተጠጋ ቁጥር ልቡ አስቀድሞ የሚሮጠው ወደ ቀለሙ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ለክፍሎም ደወለ።

«የፊቱን በር ደፍ ልቆርጠው ነው። ወንበሩንም እለውጠዋለሁ።»

«ኧረ ጋሽ በላቸው! ከቆረጧት እኮ ውድድር አትገባም።»

«ውድድር እንድትገባ አይደለም የምቆርጣት፣ ልጄ። ባለቤቴ እንድትገባባት ነው።»

የብረት መቁረጫውን ሲያነሣ አስካለ ከበረንዳው አየችው። «በላቸው፣ አብደሃል? ዘጠኝ ዓመት መብራት ይዤ የቆምኩት እንድትቆራርጣት ነው?»

«አንቺ የማትገቢባት ከሆነ ለማን ነው የሠራናት?»

አስካለ መቁረጫውን አየት አድርጋ፣ «እንግዲያው አጣመህ እንዳትቆርጠው» አለችው።

አላሳዘነውም ማለት ውሸት ይሆናል። የመጀመሪያው ፍንጣሪ ሲበር ፊቱን አዞረ። ከዚያ በኋላ ግን እጆቹ የለመዱትን ሥራ ያዙ። የተቆረጠው ቦታ እንዳይላላ ከሥር ወፍራም ብረት በየደለት፤ ወንበሩን ከፍ አድርጎ ወደ ውጭ እንዲዞር አደረገው። ሁለት ጊዜ አልዞር ብሎት ነቅሎ እንደገና ሠራው። አስካለም እሱ ደግፎ አምጥቷት አጠገቡ ተቀምጣ «ትንሽ ወደ ግራ» ትለው ነበር።

በአርባው ቀን የደንገጎን ዳገት ቀስ ብለው ወጥተው ሐረር ገቡ። በላቸው ከድንኳኑ ፊት አቁሞ በሩን ከፈተ። ወንበሩ ዞረ። አስካለ ደህናውን እግሯን መሬት አስነካች፤ ሌላውን አስከተለች፤ ከዘራዋን ተደግፋም ተነሣች። እሱ እጆቹን ዘርግቶ ቆሞ ነበር፤ አልነካትም።

እህቷ ከድንኳኑ እየሮጠች መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። «አስካልዬ! ማን አመጣሽ?»

«ራሴ መጣሁ፤ እሱ ነድቶልኝ ነው» አለች አስካለ።

ውድድሩ በሳምንቱ ተካሄደ። ሌላ ሰው አሸነፈ። በላቸው ወሬውን የሰማው አስካለን ገበያ አድርሶ ሲመለስ ነው።

አንድን ነገር ሳያበላሹ ማቆየት ደግ ነው፤ በላቸውም መኪናዋን በመውደዱ አልተሳሳተም። ነገር ግን የምንሳሳለት ነገር ከምንወደው ሰው ጋር አልገጥም የሚልበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን ብዙዎቻችን ነገሩን እንዳለ ትተን ሰውየውን «ዝቅ በል፣ ተጣጠፍ» እንለዋለን። ዕቃችን ሊሆን ይችላል፤ ሥራችን፣ ልማዳችን ወይም ስማችንም ሊሆን ይችላል። ሰውየው ደግሞ ስለሚወደን ይሞክራል። እስኪያመው ድረስ ይሞክራል፤ በመጨረሻም ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል።

እስቲ ወደየቤታችን እንመልከት፦ «የማልመቸው እኔ ነኝ» ብሎ ዝም ያለ ሰው በዚያ ይኖር ይሆን?