ባዶ ቀፎ የጠበቀው ጫካ

ዘመኑ 2011 ዓ.ም. ነው። ዝናቡ ዘግይቶ ገባ፤ ከገባ በኋላም አላባራም። ልጄ አበጋዝ ሠርጉ ሁለት ወር ሲቀረው ምሳር ይዞ ቤቴ መጣ።

«አባባ፣ ለጎጆዬ የሚሆን መሬት የለኝም» አለ። «ከምንጩ በላይ ያለው ጫካ ለምን አይመነጠርም? ለዛፍ የተገኘ መሬት ለእኔ እንዴት ይጠፋል?»

ተቀመጥ አልኩት። ተቀመጠ።

እንዲህ ስል ነገርኩት፦ አንድ ሰው ነበረ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከአገሩ አፈናቅሎት ወደዚህ ተራራ መጣ። በአገሩ ማሳው መካከል ዛፍ ያቆመ ገበሬ ሰነፍ ይባል ነበር። እዚህም እንደዚያ መሰለው። ከወንዙ እስከ ተራራው ወገብ ዛፉን ጣለ፤ የቻለውን አቃጠለ፤ በቆሎ ዘራ። በመጀመሪያው ዓመት በቆሎው ከሰው ቁመት በለጠ። በሦስተኛው ዓመት ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ወሰደው፤ በቆሎው ከጉልበት አላለፈም። ሰውየው ግን ምሳሩን ስሎ ወደ ላይ ወጣ።

ከምንጩ በላይ አንድ ግዙፍ የቀረሮ ዛፍ ቆሟል። ምሳሩን ሲያነሳ፣ እዚያው ተራራ ላይ ተወልደው ያረጁ አንድ ሽማግሌ ከኋላው ጠሩት።

«አንተ ሰው፣ እስቲ ቀና በል።»

ቀና አለ። ቅርንጫፉ ላይ ቀፎ ተሰቅሏል።

«አባት፣ ቀፎዎን ያውርዱልኝና ዛፉን ልቁረጥ» አለ።

«እኔስ ላውርድ። ለንቦቹ ማን ይንገራቸው? አንተ ትነግራለህ?» ሽማግሌው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉት። «በዚህ አገር ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ አይነካም። አባቴም አልነኩም፤ አንተም አትነካም። ለመሆኑ ምንጩ እንዴት ነው?»

ሰውየው ቁልቁል ወደ ምንጩ ተመለከተ። ሲመጣ እንስራ ወዲያው ይሞላ የነበረው ምንጭ አሁን ጠብ ጠብ ማለት ጀምሯል። ሚስቱ ተራ ስትጠብቅ ትውላለች። ዛፉ ሲያልቅ ምንጩም እንደሚያልቅ ያን ጊዜ ገባው።

«ቀፎው ባዶ ቢሆንስ?» ሲል ጠየቀ።

«ባዶም ቢሆን ቀፎ ነው።»

ሰውየው ወረደ። ሳይቃጠሉ ከቀሩት ግንዶች አርባ ቀፎ ፈለፈለ። ሽማግሌውን አስፈቅዶ ከምንጩ በላይ ባሉት ዛፎች ላይ ሰቀላቸው። በታጠበው ማሳው ላይ እርከን ሠራ። ጎረቤቶቹ ሳቁበት።

«ንብ የሌለው ንብ አርቢ!» አሉት። አንዱማ «ለዝንብ ነው ቤት የምትሠራው?» አለው።

እሱ ግን ሥራውን ቀጠለ። በዓመቱ ሌሎች ሰፋሪዎች ምሳር ይዘው ወጡ። ሽማግሌው በከዘራቸው ወደ ቀፎዎቹ ጠቆሙ። ሰዎቹ እንደመጡ ተመለሱ። በሦስተኛው ዓመት ንቦቹ ራሳቸው መጡ።

ከዚያ የበልጉ ዝናብ የቀረበት ዓመት መጣ። ጫካቸውን የመነጠሩት ሰዎች ምንጭ ሁሉ ደረቀ። የእሱ ምንጭ ግን መፍሰሱን አላቋረጠም። የሳቁበት ሰዎች ጄሪካን ይዘው ተሰለፉ፤ ያ የዝንቡ ሰውዬም መጣ።

«ቅዱ» አላቸው። «ስትመለሱ ግን እያንዳንዳችሁ ቀፎ ይዛችሁ ኑ።»

አመጡ። በዚያው ዓመት ሳይመነጠር የቀረው የሦስት ተራራ ደን ቀፎ በቀፎ ሆነ። ሽማግሌው መንደሩን ሰብስበው «ከዛሬ ጀምሮ ይህን ሰው ሰፋሪ የሚለው እንዳይኖር፤ የአገሬ ሰው ነው» አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። እስከ ዛሬ በዚያ ደን ውስጥ ምሳር አልተሰማም።

አበጋዝ፣ አንተ አሁን ያ ሰው ቀረሮው ሥር እንደቆመው ቆመሃል። እሱን መሬት ያሳጣው የዛፍ መብዛት አልነበረም፤ የራሱ ምሳር ነው። አንተም ጫካውን ብትመነጥር ሁለት ዓመት ትበላለህ። ከዚያስ ወዴት ትወጣለህ? ከተራራው በላይ ያለው ሰማይ ነው።

ጫካው አይመነጠርም። ከእርከኑ ማሳዬ ግማሹ ግን ያንተ ነው።

ይህን ብዬ ተነሳሁ። ምሳሩን ከእጁ ተቀብዬ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። በምትኩ ያን ጊዜ ቀፎ የፈለፈልኩበትን መሮ ሰጠሁት። በማግስቱ ጠዋት ድርሻውን አብረን ለካን።