ኮረብታው ላይ ያልቆመችው ዶሮ

በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ ደግሞ እግርህን ሰብስብ! ይቺን ነገር ባነሳኋት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ድሮ፣ እንስሳት አፍ በነበራቸው ዘመን፣ አንዲት ምንጭ ነበረች። አንበሳ፣ «ምንጯን የሚጠብቅ አንድ እጩ መርጣችሁ አምጡልኝ፤ እሾመዋለሁ» አለ። ሁሉም የሚፈልጉት ኤሊን ነበር። ውሃ አታደፈርስ፣ ማንንም አታባርር። ግን ቀበሮም ሹመቱን ፈለገ።

«ኮረብታው ላይ እንምረጥ» አለ ቀበሮ። «ከጠዋት እስከ ማታ ከምትመርጡት ኋላ ቁሙ። የቆመ ይቆጠራል።»

እናንተዬ፣ ቀኑን ሙሉ የሚቆም ማነው? ሥራ ፈት!

ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች። አህያ ተጭናለች። ላም ገና መውለዷ ነው። ምን ያድርጉ? መልእክተኛ ላኩ።

የዶሮ ላባ በነፋስ ደረሰች። «ዶሮ ኤሊን መርጣለች።»

«እሷስ የታለች?» አለ ቀበሮ፣ እሱው ቆጣሪ ሆኖ።

«ብትነሳ እንቁላሎቿ ይቀዘቅዛሉ!»

«ላባ አይቆምም። ዞር በይ!»

ከአህያ ኮቴ የተነሳ አቧራ ደረሰ። «አህያ ኤሊን መርጣለች።»

«አቧራ አይቆምም» አለና እፍ አለበት።

የላም ቃጭል እየተንከባለለ ደረሰ። «ላምም ኤሊን...» ሳይጨርስ በእርግጫ መለሰው።

ፍየልማ በእግሯ መጥታ ከኤሊ ኋላ ቆማ ነበር። ቀበሮ ጠጋ ብሎ፣ «እመት ፍየል፣ ግልገሎችሽ ዛሬ ብቻቸውን ናቸው እንዴ?» አላት። ምስኪን፣ ሄዳ ከሱ ኋላ ቆመች። እኔ አልፈርድባትም።

ማታ ሲቆጠር ከኤሊ ኋላ ማንም የለም። ከቀበሮ ኋላ ሥራ ፈት ዘመዶቹና ፍየል። «አገሩ ሁሉ መረጠኝ!» ብሎ አንበሳ ዘንድ ሮጠ። ተሾመ።

ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ፤ ውሃ ጠማቸው። ዶሮ ወደ ምንጯ ወሰደቻቸው።

«ውሃው ኮረብታው ላይ ለቆሙት ነው» አለ ቀበሮ። «ብትፈልጊ ኖሮ ትመጪ ነበር።»

«ብመጣ ኖሮ እነዚህ አይኖሩም ነበር!» ብላ ጮኸችበት። «ቦታውን አንተ ቆረጥክ፣ ሰዓቱን አንተ ቆረጥክ፣ ራስህን መረጥክ! ማን መረጠህ?»

አባረራት። በአህያ ኮቴ ውስጥ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ እስክታገኝ ድረስ ተንከራተተች። አንዷ ጫጩት ግን አልደረሰችም።

ዶሮ ዛሬም አንድ ጉንጭ በጠጣች ቁጥር ቀና ትላለች። ለምስጋና ነው ይላሉ። ውሸት! ያንን ኮረብታ እያየች ነው።

ልጆቼ፣ «ያልመጣ አልፈለገም» የሚል ቆጣሪ ሲያጋጥማችሁ፣ ቀጠሮውን ማን እንደያዘው ጠይቁት። በሉ፣ ተረቴን ይዛችሁ ግቡ፤ ንዴቴ ግን እኔው ጋ ይደር።