«አምስታችን» የሚለው ስም

አንድ ሰው ነበረ። ሆሳዕና ከተማ ውስጥ፣ ከቤቱ አንዲት ጠባብ ክፍል ለይቶ፣ አዲስ አበባ ላለ የመንፈሳዊ ሬዲዮ ዝግጅት ቢሮ ድምፅ ያቀናብራል። ስሙ መርዕድ ነው። ጸጉሩ ሸብቷል፤ ጆሮው ግን አሁንም የወጣት ጆሮ ነው።

ይህ ሰው አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ የቀድሞ አለቃውን ሊጠይቅ ሄደ። ጋሽ ሄራሞ ይባላሉ። በወጣትነታቸው የዚያ የሬዲዮ ዝግጅት ኃላፊ ነበሩ፤ አሁን ልባቸው ደክሞ አልጋ ይዘዋል። ባለቤታቸው እትዬ ሶስና የልጆች ታሪክ በሬዲዮ ታነብ ነበር። ካረፈች ዓመታት አልፈዋል።

ጋሽ ሄራሞ ጨዋታቸውን አቋረጡና እንዲህ አሉት፦

«መርዕድ፣ ማክሰኞ ለቀዶ ጥገና ሊወስዱኝ ነው። አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትስቅብኝ። የሶስና ድምፅ ጠፋኝ።»

«እንዴት ጠፋዎት ጋሼ?»

«ፊቷ አለ። አረማመዷ አለ። ድምፅዋን ግን ልሰማው እሞክራለሁ፣ አይመጣልኝም። ከመሄዴ በፊት አንዴ ባሰማኸኝ።»

ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ልመና ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጋሽ ሄራሞ መድኃኒት አልጠየቁም። ዕድሜ ጨምርልኝ አላሉም። የሚስታቸውን ድምፅ ነው የጠየቁት!

መርዕድ «ይሄማ ቀላል ነው፤ ነገ ይዤልዎት እመጣለሁ» ብሎ ወጣ። ቀላል ይመስል ነበር። የድሮዎቹ የቴፕ ቅጂዎች በሙሉ ወደ ኮምፒውተር ተገልብጠው፣ አዲስ አበባ ቢሮው ውስጥ በአንድ የጋራ ፎልደር ተቀምጠዋል። እሱ ደግሞ በየቀኑ ቪፒኤን በሚባለው መንገድ ወደ ቢሮው ኔትወርክ ይገባል። ቪፒኤን ምንድን ነው የምትሉ አትጨነቁ። ኮምፒውተራችሁ እቤታችሁ ተቀምጦ ሳለ፣ ቢሮ ውስጥ እንዳለ ሆኖ እንዲሠራ የሚያደርግ መንገድ ነው።

ሰኞ ጠዋት ተቀመጠ። ቪፒኤኑን አስነሳ። «ተገናኝቷል» አለው። አረንጓዴ ምልክቱ በራ። የድሮ ቅጂዎቹን ፎልደር ሊከፍት ነካው።

«ፈቃድ የለዎትም» አለው።

እንደገና ነካው። ፈቃድ የለዎትም። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራው። ፈቃድ የለዎትም። ኔትወርኩ ይሆናል ብሎ በስልኩ ኢንተርኔት ሞከረ። መገናኘቱንማ ተገናኝቷል። መግባት ግን የለም!

መጀመሪያ ተናደደ። ቆይቶ ከፋው። «አሃ» አለ ለራሱ፣ «ረስተውኛል። ከአዲስ አበባ ስወጣ ስሜን ሰርዘውታል ማለት ነው። ዕድሜዬን የሰጠሁት ሥራ፣ እነዚያን ቴፖች በእጄ የቀዳሁ ሰው፣ ዛሬ ፈቃድ የለህም እባል?»

ሰው በር ሲዘጋበት መጀመሪያ የሚያስበው ይህንኑ አይደል? እናንተስ?

በመጨረሻ ስልኩን አነሳና ቢሮ ደወለ። የኮምፒውተሮቹ ባለሙያ ቤዛዊት ናት። ኩርፊያው በድምፁ ውስጥ ነበር፤ እሷ ግን ረጋ ብላ ጠየቀችው።

«ቪፒኤኑ ተገናኝቷል ጋሽ መርዕድ?»

«ተገናኝቷል ይላል።»

«የየዕለት ሥራዎ ፎልደርስ ይከፈታል?»

«እሱ ምን ችግር አለበት። አሁንም ከፍቼዋለሁ።»

«እንግዲያው መንገዱ ጤነኛ ነው። የድሮዎቹ ቅጂዎች በሌላ ሰርቨር፣ በሌላ ማከማቻ ኮምፒውተር ላይ ናቸው። ወደዚያኛው ማን ነኝ ብለው ነው የሚገቡት?»

«እንዴት ማን ነኝ ብዬ? መርዕድ ነኛ!»

ሳቀች። «እርስዎማ መርዕድ ነዎት። ኮምፒውተሩ ማን ነኝ እያለ እንደሆነ ነው የምጠይቅዎት።»

ከዚያ በስልክ እየመራች፣ ኮምፒውተሩ የሚያስታውሳቸውን የይለፍ ቃሎች ወደሚያስቀምጥበት ቦታ ወሰደችው። «የዚያን ሰርቨር ስም ይፈልጉ። አገኙት? ከሥሩ የተጻፈውን የመግቢያ ስም ያንብቡልኝ።»

መርዕድ መነጽሩን አስተካክሎ አጎነበሰ። አንብቦ እንደገና አነበበው።

«ጋሽ መርዕድ፣ አሉ?»

«አለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «አምስታችን ይላል።»

«ምን?»

«አምስታችን።»

ያን ስም ያወጣችው እትዬ ሶስና ነበረች። ስቱዲዮው አንዲት ክፍል በነበረ ጊዜ፣ የመንገዱን የመኪና ጡሩምባ ለመከላከል መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ይሰቅሉ በነበረ ጊዜ፣ የመጀመሪያዋ ኮምፒውተር መጣች። አንድ ኮምፒውተር፣ አምስት ሰው። ማን በማን ስም ይግባ ሲባል ሶስና «ምን ያጨቃጭቀናል፣ አምስታችን በሉት» አለች። የይለፍ ቃሉም ምሳ የሚበሉባት ምግብ ቤት ስም ነበር። ሽሮ ይታዘዛል፣ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይጎርሳል፣ ጋሽ ሄራሞ ይጸልያሉ፣ ካሳዬ የሚባለው ቴክኒሻን ጸሎቱ ሳያልቅ እጁን ይሰድዳል፣ ሶስና እጁን መታ ታደርገዋለች። ዮዲት የምትባለዋ ጸሐፊያቸው እስክታለቅስ ትስቃለች።

እንግዲህ ሶስና የለችም። ካሳዬም የለም። ዮዲት የት እንዳለች የሚያውቅ ጠፋ። ጋሽ ሄራሞ አልጋ ላይ ናቸው። የመርዕድ ኮምፒውተር ግን ያንን የድሮ ስም ይዞ ቀርቶ፣ በር ላይ ቆሞ «አምስታችን መጥተናል» እያለ ነበር። የመጣው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ይህ ስም የድሮው ስቱዲዮ ሲዘጋ አብሮ ተዘግቷል» አለችው ቤዛዊት። «እርስዎ ግን በራስዎ ስም ተፈቅዶልዎታል። ቅጂዎቹን ስንጭን እኔው ነኝ የጻፍኩዎት።»

«እኔን? በስሜ?»

«በስምዎ። እስከ ዛሬ ክፍት ነበር እኮ። ያንን ያጥፉትና በራስዎ ይግቡ።»

«ላጥፋው?»

«አዎ፣ ያጥፉት።»

ጣቱ እምቢ አለው። አንድ ቃል ነው፤ ግን ትሪው፣ ሳቁ፣ ወጣትነቱ ሁሉ እዚያ ቃል ውስጥ ያለ መሰለው። ቤዛዊት አላጣደፈችውም። በመጨረሻ ዓይኑን በመሐረብ ጠረገና አጠፋው። የራሱን ስም ጻፈ። የራሱን የይለፍ ቃል ጻፈ።

ተከፈተ! ሁሉም እዚያው ነበረ። ሶስና እዚያው ነበረች።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ይዞ ጋሽ ሄራሞ አልጋ አጠገብ ተቀመጠ። በአየር ላይ የዋለውን ቅጂ ትቶ፣ ምንም ያልተቆረጠለትን ሙሉውን መረጠላቸው። ሶስና ስለ አንዲት እረፍት የለሽ ንብ ታነባለች። መሐል ላይ ቆርቆሮውን ዝናብ መታው። ማንበቡን አቆመችና «ሄራሞ፣ ዝናቡ መጣብን። እንቀጥል ወይስ እንጠብቀው?» አለች።

አንድ የጎልማሳ ድምፅ ከሩቅ መለሰላት፦ «እንጠብቀው። ምን አስቸኮለን?»

ከዚያ ዝናቡ ብቻ ይሰማል፤ በመሐሉ የሁለት ሰዎች ሳቅ።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው እስኪያልቅ ሰሙ። «ድምፅዋ ወፍራም ነበር ለካ» አሉ። «እኔ ቀጭን አድርጌ ነበር የምፈልገው። ለዚህ ነው ያጣኋት።» የመርዕድን እጅ ይዘው ብዙ ቆዩ። ማክሰኞ ወደ ሆስፒታል ሲወስዷቸው ፊታቸው ላይ ፍርሃት አልነበረም ይላል መርዕድ። ከሕክምናው ተርፈው ተመልሰዋል፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ከእናንተ መካከል ወደ ጸሎት ስትቀርቡ በር የተዘጋባችሁ የሚመስላችሁ አላችሁ። ጉባኤ አልቀራችሁም። መዝሙሩን ታውቁታላችሁ። ተገናኝታችኋል። ነገር ግን ውስጥ አልገባችሁም። «እግዚአብሔር ረስቶኛል፣ ስሜን ሰርዞታል» ትላላችሁ።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ማን ነኝ ብላችሁ ነው የምትቀርቡት? የእናታችሁን እምነት ይዛችሁ ነው? የዚያን ጊዜ መዘምራን፣ የዚያን ጊዜ የጓዳ ጸሎት፣ የዚያን ጊዜ እንባ ይዛችሁ ነው? «ያኔ እኮ እንዲህ ነበርን» ትላላችሁ። አዎ፣ ነበራችሁ። ያ ጊዜ ውሸት አልነበረም። የተዘመረው አልጠፋም፤ የፈሰሰው እንባ አልጠፋም፤ እግዚአብሔር ዘንድ ተቀምጧል። ናፍቆታችሁን አልነቅፍም፤ እኔም ይናፍቀኛል።

ግን አባታችሁ የሚጠብቀው ያንን የድሮ ቡድን አይደለም። እናንተን ነው። በየስማችሁ ፈቅዶላችኋል፤ ያውም ገና ሳትጠይቁት። የዛሬውን ድካማችሁን፣ እንቅልፍ የነሳችሁን ጭንቀት፣ ያኮረፈውን ልባችሁን ይዛችሁ ኑ። አጠገባችሁ የሚያጨበጭብ ባይኖርም፣ አብረዋችሁ የጀመሩት ቢያልቁም፣ ድምፃችሁ ቢሻክርም ኑ።

ብቻችሁን ብትሆኑም ግቡ።