የክት መነጽር

አንድ ጊዜ፣ በጋው ጠንቶ ምንጩ ሁሉ ደርቆ አንዲት ኩሬ ብቻ በቀረችበት ዓመት፣ አህያ፣ ድኩላና ዝንጀሮ በአንድ ጉብታ ላይ ተጠግተው ይኖሩ ነበር። ኩሬዋ ከጉብታው ሥር ናት። ከኩሬዋ ወዲያ ሰፊ ሜዳ፣ ከሜዳው ማዶ ደግሞ የአያ ጅቦ ሸለቆ አለ። አያ ጅቦ ከሸለቆው ብቅ ሲል ቀድሞ ያየው ሸሽቶ ይተርፋል፤ ያላየው ግን ወሬ ነጋሪም አይሆን።

ስለዚህ ሦስቱ ተራ ገብተው ሜዳውን ይጠብቃሉ። ለጥበቃውም አንድ ሩቅ ማያ መነጽር ነበራቸው። ከቀርከሃ የተሠራ፣ በሁለቱ ጫፍ መስተዋት የተገጠመለት፣ ወገቡ ተሰንጥቆ በልጥ የታሰረ፣ እንደ ጉልቻ የጠቆረ ነው። መልክ የሚባል አልፈጠረበትም። ነገር ግን ዝናብ ቢሆን ፀሐይ ቢሆን ከዋርካው ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ስለሚውል፣ ተረኛው ዓይኑን ጠጋ ማድረግ ብቻ ይበቃዋል። አያ ጅቦ ማዶ ሆኖ ሲያዛጋ ጥርሱ ይቆጠራል።

ከሁሉም አብልጣ የምትጠነቀቀው እመት ዳለቻ የምትባለው አህያ ነበረች። አምና የበኩር ልጇን አያ ጅቦ በልቶባታል። ዘንድሮ የወለደችውን ውርንጭላ «ተረፈ» ብላ ስም አወጣችለት፤ ከእርሱ ሌላ የላትምና። ተረፈ ውሃ ሲጠጣ እንኳ አንዱ ጆሮዋ ወደ እርሱ፣ አንዱ ጆሮዋ ወደ ሜዳው ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ቀበሮ አንዳች ነገር ተሸክማ ከጉብታው ሥር መጣች።

«ቤቶች! እንደምን አደራችሁ? ጎረቤት አይጠያየቅም እንዴ?»

ዝንጀሮ ከዋርካው ላይ ሆኖ «እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነን። እዚያው ቆመሽ ተናገሪ» አላት።

ቀበሮም የተሸከመችውን አወረደች። መነጽር ነው፤ ግን ምን መነጽር! እንጨቱ ወይራ ነው። ዙሪያውን ሐረግ ተስቦበታል፤ በሐረጉ መካከል ወፍና ቅጠል ተፈልፍሎበታል፤ ሦስት የነሐስ ቀለበት አጥልቋል። ፀሐይ ሲያርፍበት ማር የተቀባ ይመስላል።

«ግንደ ቆርቁር ነው የሠራው» አለች ቀበሮ። «ሦስት ወር ሙሉ ምንቃሩ እስኪደንዝ ቆርቁሮበታል። ያንን የጠቆረ ቀርከሃችሁን ስጡኝና ይህን ውሰዱት። ባልፍ ባገደምኩ ቁጥር እኮ ለእናንተ እኔ አፍራለሁ። እናንተን የመሰሉ ሰዎች ጉብታ ላይ እንዲያ ያለ ነገር ይንጠለጠላል?»

ድኩላ መልኩን በኩሬው ውሃ ሳያይ የማይውል ነውና ልቡ ቀለጠ። «ኧረ ምን ዓይነት ነገር ነው! ቶሎ በሉ፣ ሐሳቧን ሳትለውጥ!»

እመት ዳለቻ ግን ጆሮዋን አቆመች። «ቀበሮ ስትሰጥ የማየው ስጦታውን ሳይሆን ዓይኗን ነው። ምን ፈልገሽ ነው?»

«ወይ ጉድ! አንቺ ደግሞ ክፉ አሳቢ ነሽ። እንግዲያው ፈትሺው፤ ማን ከለከለሽ?»

እመት ዳለቻም ፈተሸች። መርዝ የተቀባ እንደሆነ ብላ አሸተተች። የተደበቀ ነገር እንዳለ ብላ ወዘወዘች። መስተዋቱ የተሰነጠቀ እንደሆነ ብላ በፀሐይ አየች። በመጨረሻም ዓይኗን አስጠግታ ወደ ማዶ ተመለከተች፤ አያ ጅቦ አፍንጫ ላይ ያረፈችው ዝንብ እግሯን ስታሻሽ ታየቻት።

«እህ?» አለች ቀበሮ። «ጉድለት አገኘሽበት?»

«አላገኘሁም። ያልጣመኝም እሱ ነው።»

ይሁን እንጂ ሁለቱ ባንድ ቃል «እንቀበል» ስላሉ፣ ቀርከሃው ሄደ፣ ወይራው ገባ። ቀበሮም ዘወር ብላ ሳታይ ሜዳውን አቋርጣ አያ ጅቦ ዘንድ ደረሰች።

አያ ጅቦ ለሃጩን እያዝረበረበ ይጠብቃት ነበር። «በይ ንገሪኝ! የሰጠሻቸው አያሳይም አይደል? መስተዋቱን ሰበርሽው?»

«ምን በወጣኝ! ከአሮጌው አብልጦ ያሳያል።»

«እንዴ! ታዲያ ምን ሠራሽልኝ? አሁን እኮ ሆዴ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሊያዩ ነው!»

«ሆድህ ውስጥማ ምን አለና ያያሉ?» አለች ቀበሮ። «ስማኝ አያ ጅቦ። የማያምር ዕቃ ይሠራበታል፤ በጣም ያማረ ዕቃ ግን ይቀመጣል። እኔ መስበር አያስፈልገኝም፤ ራሳቸው ጠቅልለው ይደብቁታል። ደግሞ ከነሐሱ ቀለበት ሥር በጥርሴ አንዲት ጭረት አሳርፌበታለሁ። አሁን አላዩዋትም። ባዩዋት ቀን ግን ሜዳውን ትተው እርስ በርስ ይጠባበቃሉ።»

«እና እኔ የምበላው መቼ ነው?»

«በዚህ በአሮጌው እያየሁ፣ ሦስቱም ጀርባቸውን የሰጡ ዕለት እነግርሃለሁ። ውርንጭላው ያንተ፣ ጉበቱ የእኔ።»

አያ ጅቦ ራሱን ነቀነቀ፤ በልቡ ግን «ጉበቱንስ ለምን?» አለ።

እንደተባለውም ሆነ። በሁለተኛው ቀን ነፋስ ተነሣና ከሜዳው አቧራ አመጣ። ድኩላ ጮኸ።

«ኧረ አቧራ ሊበላው ነው! እንዲህ ያለ ነገር ለዘወትር ይሆናል እንዴ? የክት ነው እንጂ! ለዓመት በዓል፣ እንግዳ ሲመጣ የሚወጣ ነው።»

«እስከዚያው በምን ልናይ?» አለች እመት ዳለቻ።

«በዓይናችን ነዋ! አያቶቻችን በምን አዩ?»

በኮባ ቅጠል ጠቅልለው በዋርካው ፍልፍል ውስጥ አስቀመጡት። በሦስተኛው ቀን ዝንጀሮ «ደህና አድሮ ይሆን?» ብሎ ሲገልጠው፣ ከነሐሱ ቀለበት ሥር ጭረቷን አየ።

«ማነው የጫረው?» አለ።

ጭረቷንም በጣቱ ዳሰሳት።

«የቀንድ ይመስላል» አለና ድኩላን አየው።

«የጥፍር ነው እንጂ» አለ ድኩላ። «ትናንት አመሻሽ ላይ ዋርካው ላይ ምን ስትሠራ ነበር?»

«ቤቴ ነው እኮ! የት ልቀመጥ?»

ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ እመት ዳለቻ ዞሩ። «የሰኮናም ሊሆን ይችላል» ተባባሉ።

«የእኔ ሰኮና ቢያርፍበት ኖሮ ጭረት ሳይሆን ስባሪ ነበር የምታገኙት» አለች እመት ዳለቻ። ነገር ግን ነገሩ ከነከናት። በማግስቱም ለሜዳው የሚሆን ዓይን አልተረፈም። ድኩላ ሁለተኛ ቅጠል ደረበበት። ዝንጀሮ እርሱ ብቻ የሚፈታውን ቋጠሮ ቋጠረበት። ድኩላ ቋጠሮውን አላመነምና ሌላ ልጥ ጨመረበት። እንዲህ እንዲህ ሲል ልጡ ስድስት ደረሰ። ሰባተኛውን ያሰረችው እመት ዳለቻ ራሷ ነበረች። «አምላኬ ሆይ፣ ያላደረግሁትን አደረገች ከመባል ሰውረኝ» እያለች አጠበቀችው። የፈራችው ለመነጽሩ አልነበረም፤ ለስሟ ነው።

ከዚያ ወዲያ ዝንጀሮ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ፍልፍሉን ይጠብቃል። ድኩላ ዝንጀሮን ይጠብቃል። እመት ዳለቻ ሁለቱን ትጠብቃለች። ሦስት ጥንድ ዓይን ነበረ፤ አንዱም ወደ ማዶ አልነበረም።

አንድ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተረፈ ውሃ ጠማው። እናቱን ቢጠራት «ቆይ ልጄ፣ እነዚህን ልይ» አለችው። ቢቆይ ቢቆይ አልመጣችም። ብቻውን ወደ ኩሬው ወረደ።

ማዶ ቀበሮ በቀርከሃው አየችና «በል አያ ጅቦ! ውርንጭላው ኩሬው ዳር ነው፣ የሚያየው የለም። አጎንብሰህ ሩጥ!» አለችው።

አያ ጅቦ ግን ቀበሮን በጎን አያት። «እኔን አዘናግተሽ ጉበቱን ቀድመሽ ልትበዪ ነው አይደል? ስጪኝ፣ ራሴ ልይ!» ብሎ መነጽሩን ነጠቃትና በተሳሳተው ጫፍ ዓይኑን ሰካበት። ውርንጭላው ጉንዳን አክሎ ታየው።

«ውሸታም! ይህ ነው ቅርቡ? የሦስት ቀን መንገድ ይሆናል!»

«አያ ጅቦ፣ ገልብጠህ ይዘኸው ነው!»

«ሆዴን እንጂ ምላስሽን አላምንም!» አለና መነጽሩን ካይኑ ሳያነሣ እያጉረመረመ ሜዳውን ተያያዘው። ሩቅ ነው ብሎ ስላመነ መደበቁንም ተወው። ድንጋይ ያደናቅፈዋል፣ ይራገማል፤ ጉድጓድ ይገባል፣ ይጮኻል። ኩሬው ዳር ደርሶም «አሁንም ጉንዳን ያክላል! መች ልደርስ ነው?» አለ። ተረፈ ቀና ቢል የጅብ ጉልበት አጠገቡ ቆሟል።

«እማዬ!»

ከእመት ዳለቻ ዓይን ጆሮዋ ቀደመ። ጉብታው ላይ ትርምስ ሆነ።

«መነጽሩን አምጡ! ማን እንደመጣ እንይ!» አለ ዝንጀሮ። ጥፍሩ ሁሉ ቢቀጠፍ ሰባቱን ልጥ ሊፈታ አልቻለም።

«ቀስ! ቀስ በል! ይጫራል!» ይላል ድኩላ።

«ልጄ ሊበላ ነው፣ እናንተ ይጫራል ትላላችሁ!» ብላ እመት ዳለቻ እንደ ናዳ ቁልቁል ወረደች።

አያ ጅቦ በመነጽሩ ሌላ ጉንዳን ስትመጣ አየ። አዘነላት። «ይች ደግሞ ወዴት ነው? ነፋስ እንዳይወስድሽ!» ብሎ ገና ሳይጨርስ፣ እመት ዳለቻ ዞር አለችና በሁለት የኋላ እግሮቿ ቀርከሃውን ከነፊቱ ረገጠችው። ቀርከሃው ብትንትኑ ወጣ። አያ ጅቦ ተገለባብጦ ተነሣና እያለቀሰ እግሬ አውጪኝ አለ።

«ቀበሮ! አንቺ ሌባ! መነጽሩን በጥርስሽ ጭረሽ እነሱን አጣላሁ አልሽኝ፣ እኔን ግን በጉንዳን አስረገጥሽኝ!»

ቀበሮ ግን ጅራቷን ሰብስባ ከጠፋች ቆይታለች።

ጉብታው ላይ ያሉት ይህን ሰሙ። ድኩላ ዝንጀሮን ማየት አቃተው፤ ዝንጀሮም መሬት መሬት አየ። እመት ዳለቻም ልጇን ይዛ ወደ ጉብታው ወጣችና ከላይ እስከ ታች እየላሰችው «እኛ አይደለንም ያዳንነው፤ እግዜር ነው፣ በጅብ ሞኝነት» አለች።

ድኩላ ግን ወደ ፍልፍሉ ተጠጋ። «አሮጌው ተሰብሯል። እንግዲህ የቀረን ይህ አንድ ብቻ ነው። ይበልጥ ተጠንቅቀን ብናስቀምጠው...»

እመት ዳለቻ ቀና ብላ አየችው። «እኔም የቀረኝ ይህ አንድ ነው። ተረፈን በኮባ ልጠቅልለው?»

ድኩላ ከፍልፍሉ ዘወር አለላት። እርሷም ሰባቱን ልጥ በጥርሷ በጣጥሳ መነጽሩን ከቅርንጫፉ ላይ ሰቀለችው።

ክረምቱ ገባ፣ ወጣ። አንድ ቀን ግንደ ቆርቁር በዚያ ሲያልፍ የእጁን ሥራ አየና ወረደ። ሐረጉ ተቧጭሯል፤ ነሐሱ ደብዝዟል። ሦስቱ አፈሩ። የመጀመሪያዋን ጭረት የሚፈልግ አልነበረም፤ ቢፈለግም ከሌሎቹ አትለይም። ግንደ ቆርቁር ዞሮ ዞሮ ተመለከተና፣ ዓይንና ጉንጭ በየቀኑ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። እዚያ እንጨቱ እንደ ውሃ ለስልሶ ያበራል።

«ይህን ማን አለሰለሰው?» አለ። «እኔ ሦስት ወር ብቆረቁር እዚህ አላደረስኩትም።»

ተረፈ ጉንጩን ከመነጽሩ አስጠግቶ ሜዳውን ያይ ነበርና ሳይዞር መለሰ። «ተረኛ ነኝ፣ አባባ። አታዋራኝ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ያማረ ነገር ውበቱ የሚጸናው ለተሠራበት ሥራ ሲውል እንጂ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ እንዳልሆነ፣ ዕቃውን ከባልንጀራው ሲጠብቅ የሚውልም ጠላቱን የሚያይበት ዓይን እንደማይተርፈው ነው።