ቃለ ጉባኤ ያልተያዘበት ሰኞ

በአንድ የዱቄት ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ የሆነ ሰው ነበረ። ስሙን አልነግራችሁም፤ ክፉ ሰው አልነበረምና። በሰዓቱ ይገባል፣ በሰዓቱ ይወጣል፣ ሠራተኛ ሰድቦ አያውቅም። በሥሩ ስድስት ሰዎች ነበሩ። ከስድስቱ አንዱ ሞተ።

የሞተው ይርዳው ይባላል። ታላቅ ወንድሜ ነው።

ይርዳው የደም ግፊት ነበረበት። ለማንም አልተናገረም። አንድ እሑድ ቤቱ ውስጥ ወደቀ፤ በማግስቱ ቀበርነው።

አሁን ስሙኝ። በሦስተኛው ቀን የፋብሪካው ሰዎች ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። ጆንያ የምትሰፋው አስካለ፣ "ደረጃውን ሲወጣ ሦስት ቦታ ያርፍ ነበር" አለች። ማሽን የሚያጸዳው ጋሽ ደምሴ፣ "እኔን 'ዓይኔን ብዥ ይለኛል' ብሎኝ ነበር፤ ዱቄት ገብቶብህ ነው ብዬ ሳቅሁበት" አለ። ማሽን የሚያበራው ላቀው ደግሞ፣ "እኔ ክኒን ሲውጥ አይቻለሁ። ራሴን አሞኝ ነው አለኝ" አለ።

አንዷ ደረጃውን ታውቃለች። አንዱ ዓይኑን ያውቃል። አንዱ ክኒኑን ያውቃል። አንድ ጣሪያ ሥር ስድስት ዓመት የሠሩ ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው የሚያውቁትን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ ያመጡት የት ነው? ለቅሶ ቤት።

ወገኖቼ፣ እኛ ለመነጋገር የግድ ሰው መሞት አለበት?

ኃላፊውም አብሯቸው መጥቶ ነበር። ንፍሮውን በመዳፉ ይዞ አንዲት ፍሬ እንኳ ሳይቀምስ ወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ፍርሃት ያዘው። ሠራተኞቹ ሲገቡ ፊት ፊታቸውን ያያል። ሰው ሲያስል ይደነግጣል። ቀጥሎ ማን ነው? ምን ደብቆኛል? እያለ ይውላል።

በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት፣ ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት፣ ሁሉንም ሰበሰባቸው። "ዛሬ እንወያይ" አላቸው።

እዚያ ፋብሪካ ስብሰባ ማለት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? በእናንተም መሥሪያ ቤት ያው ሳይሆን አይቀርም። ስብሰባ ማለት ግምገማ ነው። ግምገማ ማለት ደግሞ አንድ ሰው ሊነካ ነው ማለት ነው።

"ማን አጠፋ?" አለ ጋሽ ደምሴ።

"ማንም አላጠፋም።"

"ታዲያ ለምን ጠራኸን? ጥፋተኛ የሌለበት ስብሰባ አይቼ አላውቅም።"

አስካለ እንደ ልማዷ ደብተር አወጣች። "ቃለ ጉባኤ ልያዝ?"

"ያዢ" አላት ኃላፊው ሳያስብ። "እሺ፣ ችግር ያለበት ሰው ይናገር።"

ዝም።

"ላቀው?"

"ምንም የለም።"

"ጋሽ ደምሴ?"

"ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

አምስት ሰዎች ተቀምጠው አንዲት እስክሪብቶ ያያሉ። የተናገሩት ሁሉ ወረቀት ላይ ሊሰፍር ነው። ወረቀቱ ወደ ላይ ሊወጣ ነው። ከላይ ምን ይዞ እንደሚመለስ ማን ያውቃል? እናንተ ብትሆኑ ትናገሩ ነበር?

ኃላፊው ዘግይቶ ገባው። "አስካለ፣ ደብተሩን ዝጊው። ዛሬ የሚጻፍ የለም" አለ። ከዚያ የራሱን ተናገረ።

"ይርዳው አንድ ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጦ ደረስኩበት። 'አለቃ፣ ትንሽ ልተንፍስ' አለኝ። 'ሰው እየሠራ አንተ ትቀመጣለህ?' አልኩት። ተነሥቶ ሄደ። ለቅሶ ቤት ይህን መናገር አቅቶኝ ነው የወጣሁት።"

ማንም አላጽናናውም። ዝምታው ረዘመ። ሥራው እንዳይዘገይ ፈራ። ሥራ አስኪያጁ እንዳይመጣበት ፈራ። ግን ከተቀመጠበት አልተነሣም።

በመጨረሻ ላቀው ወደ መሬት እያየ፣ "እኔ ጆሮዬ አይሰማም" አለ።

"ምን?"

"ሁለት ዓመት ሆነኝ። እዚህ ጸጥ ሲል እሰማለሁ፤ ማሽኖቹ ሲጮሁ ግን ምንም የለም። ጋሽ ደምሴ ከላይ 'አብራ' ይበለኝ 'ቆይ' ይበለኝ፣ የማውቀው ከንፈሩን አይቼ ነው።"

ወገኖቼ፣ ማሽኑ ሲታፈን እጁን ማሽኑን ከሚያዞረው ቀበቶ፣ ከቺንጋው ሥር አስገብቶ የሚያጸዳው ጋሽ ደምሴ ነው። ላቀው በስሕተት ቢያበራ የሚቆረጠው የእርሱ እጅ ነው።

"ዱቄቱ ሲጨስስ?" አለ ጋሽ ደምሴ ቀስ ብሎ። "ያኔ ከንፈሬ የት ይታይሃል?"

"ያኔ እገምታለሁ።"

ጋሽ ደምሴ እጆቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ አያቸው። "ስንት ጊዜ ገምተሃል?"

"አልቆጠርኩም። ብናገር ያባርሩኛል ብዬ ነው። ሦስት ልጆች አሉኝ።"

"እኔም አራት አሉኝ። የማሳድጋቸው በእነዚህ ነው።"

ኃላፊው አሁን ይጣላሉ ብሎ ሰጋ። ምነው ባልከፈትኩት ብሎ ተጸጸተ። ላቀውን ያሰናብተው? ምንም እንዳልሰማ ይሁን?

መልሱ የመጣው ከአስካለ ነው። "ጆንያ መስፋት እኮ ጆሮ አይፈልግም" አለች። "እኔ ማብሪያው ጋ ልቁም፣ እሱ ይስፋ።"

ጋሽ ደምሴ ላቀውን ከላይ እስከ ታች አየው። "ይሄ ሊሰፋ? ጆንያውን ከሱሪው ጋር ሰፍቶ ነው የሚመጣው።"

ላቀው ሳቀ። እየሳቀ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። በዚያው ቀን ቦታ ተለዋወጡ።

ኃላፊው ይህን ሁሉ በአርባው ቀን ቤታችን መጥቶ ነገረኝ። ደረጃው ላይ ለወንድሜ የተናገረውንም አልደበቀኝም። ልቆጣው አፌን ከፈትኩ። ግን ምን ልበለው? እኔ ከይርዳው ጋር በየሳምንቱ አንድ ማዕድ እቀርብ ነበር። "እንዴት ነህ?" እለዋለሁ። "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ይለኛል። እኔም ወደ ምግቤ እመለሳለሁ።

እናንተ ሰው የምትመሩ፣ ሰብስባችሁ "ችግር ያለበት ይናገር" ትላላችሁ። ዝም ሲሉ "እንግዲህ ችግር የለም" ብላችሁ ትበትናላችሁ። መጀመሪያ የራሳችሁን ተናግራችኋል? ፊታቸው የተዘረጋውን ወረቀት አንሥታችኋል? ዝምታው እስኪያልፍ ተቀምጣችኋል?

ያስፈራል፤ አውቃለሁ። ያ ኃላፊ ዛሬም ሰኞ ሲመጣ ይጨነቃል። ደግሞ ምን እሰማ ይሆን ይላል። እየፈራም ይሰበስባቸዋል። እናንተም እየፈራችሁ ሰብስቧቸው።

የማትመሩም ብትሆኑ፣ አጠገባችሁ የሚሠራ ሰው አለ። እኛ ሰላምታ አናጣም። እንዴት አደርክ፣ ቤተሰብ ደህና፣ ልጆች ደህና፣ ሥራ ደህና እንላለን፤ መልሱን ሳንሰማ እናልፋለን። ነገ ጠዋት "ደህና ነኝ" የሚላችሁን ሰው እንደገና ጠይቁት። ጠይቃችሁ ቁሙ። ሰዓታችሁን አትዩ።

እኔ ወንድሜን ሁለተኛ ጊዜ ጠይቄው አላውቅም።